ሶሊዳሪቲ፦ ኮሚኒስቱን መንግሥት ስለተገዳደረው የፖላንድ ሠራተኞች ማኅበር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ የሆኑትን ዓ.ም. ብዬ ለይቻቸዋለሁ።

ሶሊዳሪቲ ምን ነበር?

በ1980 ፖላንድ ውስጥ የተቋቋመ የሠራተኞች ማኅበር ነው። በአገሩ ቋንቋ ሶሊዳርኖሽች ይሉታል። አንዱ ለሌላው መቆም ማለት ነው፤ እኛ አጋርነት የምንለው። በሶቭየት ጎራ ከነበሩት አገሮች ውስጥ ከፓርቲና ከመንግሥት ነፃ ሆኖ በሕግ የተመዘገበ የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበር እሱ ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ አባላቱ 10 ሚሊዮን ገደማ ደረሱ። ያኔ የፖላንድ ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌው ተደምሮ 36 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሥራ ካለው ሰው አብዛኛው ገብቶበታል ማለት ነው። የገዢው ፓርቲ አባላት ራሳቸው በብዛት ተመዝግበዋል።

የፖላንድ ሠራተኛ ምን አስመረረው?

ኑሮ ነው፣ በተለይ የሥጋ ዋጋ። መንግሥት በ1970ዎቹ ከምዕራብ ባንኮች ብዙ ዶላር ተበደረ። ፋብሪካ ተከለ፣ ደመወዝ ጨመረ፣ ለጥቂት ዓመት ሰው ደህና ኖረ። ከዚያ ዕዳው መጣ። በ1980 ዕዳው ከ20 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። ዕዳ ለመክፈል ምግብ ወደ ውጭ ይላካል፣ አገር ውስጥ ሱቁ ባዶ ይሆናል። ሴቶች ከሥራ ወጥተው ለሰዓታት ወረፋ ይቆማሉ።

ግን ረሃብ ብቻ አልነበረም። በዲሴምበር 1970፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ መንግሥት የምግብ ዋጋ ጨመረ። የባልቲክ ባሕር ዳር ከተሞች ሠራተኞች አደባባይ ወጡ። ወታደርና ፖሊስ ተኮሱባቸው። ግዲንያ ላይ ጠዋት ከባቡር ወርደው ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ተመትተዋል። በእነዚያ ቀናት ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ በሌሊት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሳያለቅስላቸው ተቀበሩ። ለቅሶ መቀመጥን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1980 አድማ የመቱት ሠራተኞች መጀመሪያ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ለእነዚያ ሟቾች ሐውልት ይቁም የሚል ነበር።

አድማው በምን ተነሳ?

በአንዲት ሴት መባረር። አና ቫለንቲኖቪች ትባላለች። ግዳንስክ ከተማ በሚገኘው የሌኒን መርከብ ፋብሪካ መጀመሪያ ብየዳ፣ በኋላ ክሬን ላይ ስትሠራ ኖራለች። ከመንግሥት ውጭ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ከሚሞክሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበረች። በኦገስት 1980 መጀመሪያ፣ ጡረታዋ አምስት ወር ሲቀረው አባረሯት።

ኦገስት 14 ንጋት ላይ ሦስት ወጣት ሠራተኞች ፖስተርና በራሪ ወረቀት ይዘው ገቡ። አና ትመለስ፣ ደመወዝም ይጨመር ነው የሚለው። ሰው ማሽን እያጠፋ ወጣ። ዳይሬክተሩ አንድ ኤክስካቫተር ላይ ቆሞ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ይለምን ጀመር። ሰዉም መላላት ጀምሮ ነበር። በዚህ መሃል ከአራት ዓመት በፊት ከዚያው ፋብሪካ የተባረረ ኤሌክትሪሺያን በአጥር ዘሎ ገባ። ኤክስካቫተሩ ላይ ወጣና ዳይሬክተሩን ከኋላ ትከሻውን ነካ አደረገው። ሌክ ዋሌሳ ነው፤ ፖላንዶች ቫዌንሳ ብለው ይጠሩታል።

አደባባይ ግን አልወጡም። የ1970ውን ያልረሱ ሰዎች ናቸው። በሩን ዘግተው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ቮድካም ከለከሉ፤ ሰክሮ የሚደባደብ ሰው ለፖሊስ ሰበብ እንዳይሆን።

"ያ ቅዳሜ" የሚባለው የቱ ነው?

ኦገስት 16። ለእኔ የታሪኩ ሁሉ ልብ ይህ ቀን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በሦስተኛው ቀን አስተዳደሩ እሺ አለ። አናም ዋሌሳም ወደ ሥራ ይመለሳሉ፣ ደመወዝም ይጨመራል ተባለ። ዋሌሳ አድማው አበቃ ብሎ አወጀ። ሠራተኛው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ መውጣት ጀመረ። ከሦስት ቀን በኋላ ገላን ታጥቦ አልጋ ላይ መተኛት ማን ይጠላል?

ችግሩ እስከዚያ ቀን ሌሎች ድርጅቶችም አድማ ውስጥ ገብተዋል። አውቶቡስ ነጂዎች፣ ትራም ነጂዎች፣ ትንንሽ ፋብሪካዎች። የእነሱን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ሄንሪካ ክሺቮኖስ የምትባል ትራም ነጂ ትልቁ ፋብሪካ ከወጣ ትንንሾቹ እንደሚያልቅላቸው ፊት ለፊት ተናገረች። አውቶቡስ ታንክ አይገጥምም ነው ነገሩ። አናም ተሰማት፣ የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ አሊና ፒየንኮቭስካም ተሰማት። የድምፅ ማጉያው ግን ተዘግቷል። ስለዚህ ሁለቱ ወደ በሮቹ ሮጡ። ነርሷ በርሜል ላይ ቆመች። ቀጭን ሴት ናት። የሚወጣውን ሕዝብ ለሌሎቹ ስትሉ ቅሩ ብላ ለመነች፣ በሩም እንዲዘጋ ጠየቀች።

አብዛኛው ሄዷል። የቀረው ሰው ለዚያ ግዙፍ ግቢ ጥቂት ነበር። ዋሌሳም ሐሳቡን ለውጦ ከእነሱ ጋር አደረ። ያን ሌሊት ወታደር ቢገባ የሚያቆመው አልነበረም። ግን በማግስቱ እሑድ በበር ቁጥር 2 ቅዳሴ ተደረገ፣ ሰዉም ተመልሶ መጣ። ገበሬ ዳቦና ድንች ይዞ ይመጣል፣ ሚስቶች በአጥሩ በኩል ምግብ ያቀብላሉ። በወሩ መጨረሻ የተባበሩት ድርጅቶች ከ600 በላይ ሆነዋል። ማኅበሩ ስሙን ያገኘው በኋላ ቢሆንም ተግባሩ የተጀመረው ያን ቅዳሜ ነው። የራሱን ያገኘ ሰው ላላገኘው ብሎ ቀረ።

ሃያ አንዱ ጥያቄዎች ምን ነበሩ?

በሁለት ጣውላ ላይ በእጅ ተጽፈው በሩ ላይ ተሰቀሉ። የመጀመሪያው ከፓርቲና ከአሠሪ ነፃ የሆነ የሠራተኛ ማኅበር ነው። ሁለተኛው አድማ የመምታት መብት። ሦስተኛው የመናገርና የማተም ነፃነት። አራተኛው የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ፣ በ1970 እና በ1976 አድማ የተባረሩ ይመለሱ የሚል ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የኑሮ ጉዳይ ነው። ለሁሉም የ2,000 ዝሎቲ የደመወዝ ጭማሪ፣ የሥጋ ኩፖን፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የሦስት ዓመት የወሊድ ፈቃድ ከክፍያ ጋር፣ ቤት ለማግኘት የሚጠበቀው ዓመት ይጠር፣ ቅዳሜ እረፍት ይሁን።

አሥራ ሁለተኛውን ሰዎች ብዙ አያነሱትም። ኃላፊ በችሎታው ይሾም እንጂ በፓርቲ አባልነቱ አይሁን ይላል። ፖሊስና ካድሬ የሚያገኙት ልዩ ጥቅምም እንዲቀር ይጠይቃል። በካድሬ ሥር የሠራ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥተው ሲደራደሩ ንግግሩ በድምፅ ማጉያ ለግቢው ሁሉ ይሰማ ነበር። የየፋብሪካው ተወካዮች በካሴት እየቀዱ ለላኳቸው ሰዎች ይወስዱ ነበር። በጓዳ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ኦገስት 31 ስምምነቱ ተፈረመ። ዋሌሳ የፈረመበት እስክሪብቶ የፖላንዳዊው የሮም ጳጳስ ፎቶ ያለበት ትልቅ ነገር ነበር።

መንግሥቱ የወዝ አደር መንግሥት ነኝ እያለ የወዝ አደር ማኅበር ለምን ፈራ?

በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ቶሎ ይረዳዋል። እንዲህ ያለው መንግሥት ሠራተኛውን እኔ እወክላለሁ ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ሌላ ወኪል አያስፈልግም ይላል። ማኅበር አለ፣ ግን የመንግሥት ነው። ሥራው የእረፍት ቦታ ኩፖን ማደልና ሰልፍ ማስወጣት ነው። ደመወዝ አነሰ ብለህ ስትጠይቅ የምትከሰሰው በራስህ መንግሥት ላይ ተነሳህ ተብለህ ነው።

ሶሊዳሪቲ ሥልጣን ስጡኝ አላለም። የሶሻሊዝም ሥርዓት ይፍረስም አላለም፤ በስምምነቱ ላይ የፓርቲውን መሪነት ተቀብሎ ነው የፈረመው። ግን አሥር ሚሊዮን ሠራተኛ በሠራተኛው ስም ከሚገዛ ፓርቲ ወጥቶ ለብቻው ሲቆም፣ ፓርቲው በማን ስም ይገዛል? ጠመንጃው ቀረው እንጂ ምክንያቱ አለቀበት። ይህን ከማንም በላይ የተረዱት ሞስኮ ያሉት መሪዎች ይመስሉኛል።

ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገች?

ብዙ። በኦክቶበር 1978 የክራኮው ካርዲናል ካሮል ቮይቲዋ የሮም ጳጳስ ሆነው ተመረጡ። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እሳቸው ናቸው። በጁን 1979 አገራቸውን ሲጎበኙ ሚሊዮኖች ወጡ። ሰው ያን ጊዜ ዙሪያውን አይቶ ብቻውን እንዳልሆነ አወቀ። ጉብኝቱ በተደረገ በዓመቱ ነው አድማው የመጣው።

ቤተ ክርስቲያኗ ግን ሁልጊዜ ደፋር አልነበረችም። በአድማው ጊዜ የፖላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ካርዲናል ቪሺንስኪ ሠራተኛው እንዲረጋጋ መክረው ነበር፤ ሠራተኛው አልተመለሰም። ከታች ያሉት ቄሶች ናቸው ዋጋ የከፈሉት። አባ ዬዢ ፖፒዬውሽኮ በየወሩ ዋርሶ ውስጥ ለአገር ቅዳሴ ይቀድሱ ነበር። ኦክቶበር 19 ቀን 1984 የደኅንነት ሰዎች ከመንገድ አፍነው ገደሏቸው። ገና 37 ዓመታቸው ነበር።

ሶቭየት ኅብረት ለምን ወታደር አላስገባችም?

ሃንጋሪ በ1956፣ ቼኮስሎቫኪያ በ1968 ሶቭየት ገብታባቸዋለች። የፖላንድም ድንበር ላይ ጦር ተንቀሳቅሷል። ግን አፍጋኒስታን ውስጥ ገብታ ነበር፣ ፖላንድም ትልቅ አገር ነች። ሌላ አማራጭ ደግሞ ተገኘ፤ ፖላንድን በራሷ ጄኔራል ማስያዝ።

ዲሴምበር 13 ቀን 1981 እሑድ ነበር። ሰው ሲነቃ ስልክ አይሠራም። ሬዲዮው ጄኔራል ያሩዜልስኪ ወታደራዊ አዋጅ ሲያውጅ ደጋግሞ ያሰማል። የእሑድ ጠዋት የልጆች ፕሮግራም የሚጠብቁ ሕፃናት በቦታው ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አገኙ። በዚያው ሌሊት በሺህ የሚቆጠሩ የማኅበሩ ሰዎች ከየአልጋቸው ተለቅመዋል። ሰዓት እላፊ ሆነ፣ መንገድ ላይ ታንክ ቆመ። ከሦስት ቀን በኋላ ቩየክ በሚባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን 9 ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ። ስልኩ ሲመለስ ደግሞ በየጥሪው መሃል "ንግግሩ ቁጥጥር ይደረግበታል" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

ያሩዜልስኪ እስኪሞት ድረስ፣ ሶቭየት እንዳትገባ ትንሹን ክፉ መረጥሁ ይል ነበር። በኋላ የወጡ የሞስኮ ሰነዶች ግን ከአዋጁ ሦስት ቀን በፊት መሪዎቹ ጦር ላለማስገባት እንደተስማሙ ያሳያሉ። እኔ የቩየክን ሟቾች እያሰብሁ ክርክሩን መቀበል ይከብደኛል።

ከታገደ በኋላ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ?

በኅቡዕ። የተረፉት ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ ተደበቁ። ዝቢግኒየቭ ቡያክ የዋርሶው መሪ ከአራት ዓመት በላይ ሳይያዝ ኖሯል። በድብቅ የሚታተሙ ጋዜጦች ነበሩ፤ ትልቁን ሳምንታዊ ጋዜጣ በአብዛኛው የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። ፖሊስ የሚያድነው ወንድ መሪ ነበርና።

ተራው ሰውም የራሱን ዘዴ አገኘ። ሽቪድኒክ የምትባል ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች የመንግሥት ቴሌቪዥን ዜና በሚጀምርበት ሰዓት ቤታቸውን ትተው በመንገድ ላይ መንሸራሸር ጀመሩ። አንዳንዶቹ ቴሌቪዥናቸውን ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ለመንገዱ ያውራ እንግዲህ። ሌሎች ከሬዲዮ ውስጥ የምትወጣውን ትንሽ ሬዚስተር ኮታቸው ላይ ሰኩ። የዕቃዋ ስም በፖላንድኛ እምቢታን ያስታውሳል። ልጄን ከትምህርት ቤት ያባርሩብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

አሜሪካ ናት የፈጠረችው የሚባለው እውነት ነው?

ገንዘብ ሰጥታለች፣ አልፈጠረችውም። የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ከመጀመሪያው በግልጽ ረድተዋል። ከወታደራዊ አዋጁ በኋላ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ በሦስተኛ ወገን በኩል ለኅቡዕ ኅትመት ገንዘብና ዕቃ ልኳል። ይህ ዛሬ የታወቀ ነው። የማተሚያ ማሽንና ቀለም በእርዳታ ዕቃ ውስጥ ተሸሽጎ ይገባ ነበር።

ግን ቀኑን ተመልከቱ። ነርሷ በርሜል ላይ የወጣችው በኦገስት 1980 ነው፣ የሲ.አይ.ኤ ገንዘብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሥር ሚሊዮን ሰው በዶላር አይሰለፍም። የሥጋ ወረፋውን የፈጠረው ዋሽንግተን አይደለም።

በመጨረሻ እንዴት አሸነፈ?

ኢኮኖሚው አልተሻለም፣ በ1988 አዲስ አድማ ተነሳ። አሁን ግን አድማ የመቱት በ1980 ልጆች የነበሩ ናቸው። ሞስኮ ላይም መሪው ለውጥ ፈላጊው ጎርባቾቭ ነበር። መንግሥት ወደ ድርድር መጣ። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 1989 በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አሳሪና ታሳሪ ፊት ለፊት ማለት ነው። ማኅበሩ እንደገና ተመዘገበ፣ ከታችኛው ምክር ቤት 35 በመቶው ወንበርና ሴኔቱ በሙሉ ለነፃ ምርጫ ተለቀቀ።

ጁን 4 ቀን 1989 ምርጫ ሆነ። ድምፅ የሚሰጠው የማይፈለገውን ስም በመሰረዝ ነበር። ሰው እስክሪብቶውን ይዞ የባለሥልጣናቱን ስም አንድ በአንድ ሰረዘ። ሶሊዳሪቲ ሁለቱም ዙር ሲያልቅ ሊያገኝ የሚችለውን 161 ወንበር ሁሉ አገኘ። ከሴኔቱ 100 ወንበር 99ኙን ወሰደ። በኦገስት የሶሊዳሪቲው ታዴኡሽ ማዞቪዬትስኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የበርሊን ግንብ የፈረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ግንቡን ያስታውሳል፣ ግዳንስክን ይረሳል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለምን አልሆነም?

ሞክረን ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ የጠራው አጠቃላይ አድማ ለንጉሡ መንግሥት መዳከም አንዱ ምክንያት ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ግን ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። በቦታው በ1969 ዓ.ም. የመንግሥት የሆነው የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ መኢሠማ፣ ተተካ።

ፖላንዶች በ1980 የጠየቁትን የእኛ ሠራተኞች ከአምስት ዓመት በፊት ጠይቀውታል። ልዩነቱን ለአንድ ምክንያት መስጠት አልችልም። የፖላንድ ሠራተኛ የሚጠለልበት ጠንካራ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። ቁጥሩም ብዙ ነው፤ የእኛ የፋብሪካ ሠራተኛ በገበሬ አገር መሃል ጥቂት ነበር። ከዚያ ደግሞ ቀይ ሽብር መጣ። በርሜል ላይ ሊቆሙ የሚችሉ ብዙዎች በዚያ አለቁ።

ዋሌሳ የደኅንነት ጆሮ ጠቢ ነበር?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ "ቦሌክ" በሚል የሽፋን ስም ለፖሊስ መረጃ የሰጠ ሰው አለ። በ2000 አንድ ፍርድ ቤት ዋሌሳን ነፃ አለው። በ2016 ከአንድ የሞተ የኮሚኒስት ሚኒስትር ቤት ፋይሎች ተገኙ። በዓመቱ የእጅ ጽሑፍ ባለሙያዎች የዋሌሳ ነው አሉ። እሱ እስካሁን ይክዳል።

የእኔ አስተያየት፦ ከ1970ው ግድያ በኋላ የታሰረ፣ ሚስትና ሕፃን ያለው ወጣት ሠራተኛ ቢፈርም አልደነቅም። አለመናገሩ ግን ያሳዝነኛል። ቢናገረው ኖሮ ብዙ ሰው ይቅር ይለው ነበር። በ1980ም የሠራውን አይሰርዘውም።

ሠራተኞቹ ራሳቸው ምን አተረፉ?

ነፃነት አገኙ፣ ሥራቸውን አጡ። ሁለቱም እውነት ነው። በጃንዋሪ 1990 የሶሊዳሪቲ መንግሥት ገበያውን በአንዴ ለቀቀው። የዋጋ ንረቱ ወረደ፣ ሱቁ ሞላ። ግን በ1993 ከመቶ ሠራተኛ ከ16 በላይ ሥራ ፈት ነበር። አድማውን የጀመረው መርከብ ፋብሪካ በ1996 ከሰረ። ዋሌሳ በ1990 ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር፣ በ1995 ምርጫ ተሸነፈ፣ በኋላም ማኅበሩን ለቀቀ። ማኅበሩ ዛሬ አለ፤ አባላቱ ከ1 ሚሊዮን በታች ናቸው።

አና ቫለንቲኖቪች ከዋሌሳ ጋር ቀድማ ተጣልታለች። ሠራተኛው ተረሳ ትል ነበር። በኤፕሪል 2010 የፖላንድ ፕሬዚዳንትን የያዘው አውሮፕላን ሩሲያ ውስጥ ስሞሌንስክ አጠገብ ሲከሰከስ እሷም ውስጡ ነበረች። 80 ዓመቷ ነበር። ሃያ አንዱ ጥያቄዎች የተጻፉባቸው ጣውላዎች ዛሬ ግዳንስክ ውስጥ ተጠብቀዋል፣ ዩኔስኮም በ2003 በዓለም መዝገብ አስፍሯቸዋል። በር ቁጥር 2 አሁንም እዚያው ቆሟል። ከበሩ ፊት ለፊት በ1980 የጠየቁት የሟቾች ሐውልት አለ፤ 42 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት መስቀሎች ናቸው።